አለባበሷ የሚያነጋግር ዘፋኝ ለሴት ልጆቻችን አርአያ ትሆናለች? (ከቅዳሜው የወላጆች ስብሰባ በፊት)

አስተባባሪ_ቱሉዲምቱ
ሰላም ለሁላችሁ። ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች የሚሰባሰቡ 14 ሴት ልጆች ክበባችን ውስጥ አሉ፤ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 16 ነው። ለዓመቱ መዝጊያ የሪሃናን ዘፈን መርጠው በዳንስ ሊያቀርቡ ፈልገዋል። ከወላጆቹ ገሚሱ «ይሄን ልታስተምሩልን ነው የላክናቸው?» ይላል፣ ገሚሱ ደግሞ «ልጆች ናቸው፣ ይጫወቱበት» ባይ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ኮሚናሉ ውስጥ እንሰበሰባለን።

ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ እንዲህ ያለች ዘፋኝ አርአያ ልትሆን ትችላለች ብለን ለወላጅ ስንናገር በምን ላይ ቆመን ነው? ሁለተኛ፣ ልጆቹ ዳንሱን ያቅርቡ ከተባለ በተግባር ምን ምን መስተካከል አለበት? የሥራው ሰዎች እንደምትኖሩ ስለማውቅ ዝርዝሩን አትሰስቱብኝ። ስድብ ግን ይቅር፤ ልጆቹም ይህን መድረክ ያነባሉ።

መምህር_ዘገላን
ቅዳሜ ዕለት «አርአያ ናት፣ አይደለችም» ብላችሁ እጅ እንዳታስወጡ። እጁን ያወጣ ሰው ሐሳቡን ለመለወጥ ያፍራል፣ ስብሰባውም እዚያው ይሰበራል። «ልጆቹ ከእሷ ምን እየወሰዱ ነው?» ብላችሁ ጀምሩ።

አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ትንንሽ ልጆች አንድ አዋቂ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብ እንዲያዩ አደረገ። ልጆቹ አሻንጉሊቱ ወዳለበት ክፍል ሲገቡ ያዩትን ደገሙት። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሰው ከሰው አይቶ የሚማረው በአራት ነገር አማካይነት ነው ብሎ አስረዳ፦ ትኩረት፣ ማስታወስ፣ ያዩትን ለመድገም መቻል፣ ለመድገም የሚገፋፋ ምክንያት።

ሦስተኛዋን ያዙልኝ። የ13 ዓመት ልጅ ከሪሃና ምኑን ለመድገም ትችላለች? አቋቋሟን፣ የከንፈር ቀለሟን፣ የወገብ እንቅስቃሴዋን፣ ካሜራውን የምታይበትን ዓይን። ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል። ሴትየዋ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ሰባት አልበም አውጥታለች። ስቱዲዮ ውስጥ ያለፈው ሌሊት፣ የተጣለው ቅጂ፣ አንድን ስንኝ ደግሞ ደጋግሞ መዝፈኑ ግን ክሊፑ ላይ የለም፤ ያልታየ ነገር ደግሞ አይኮረጅም። ስለዚህ ልጆቹ እሷን «ተከተሉ» ስትሉ እየተከተሉ ያሉት አንድ አሥረኛዋን ብቻ ነው። የአስተባባሪ ሥራ የቀረውን ማሳየት ነው፣ ይህም ይቻላል።

«እንከልክላቸውና ይለቅ» ለሚሉ ወላጆች ደግሞ ይህን ንገሩልኝ። ያው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ሌላ ሙከራ ሠርቷል። ደብዳቢው ሲቀጣ ያዩት ልጆች ድርጊቱን ብዙም አልደገሙትም። «ያየኸውን ካሳየኸኝ ሽልማት አለህ» ሲባሉ ግን ሌሎቹ ያሳዩትን ያህል አሳዩ። ተምረውት ነበር ማለት ነው፤ ያቆማቸው ፍርሃቱ ብቻ ነው። ስልኩን የነጠቅንባት ልጅም ዳንሱን ታውቀዋለች፤ ልዩነቱ እኛ ሳንኖር መደነሷ ነው።

የኮዬ_እናት
መምህር፣ ያሉትን በጥሞና አነበብኩ፤ ትምህርትዎንም አከብራለሁ። ነገር ግን የዘነጉት ነገር ያለ ይመስለኛል።

ሪሃና እንደፈለገች ለብሳ ከመድረክ ስትወርድ ጠባቂ፣ ሾፌርና ጠበቃ ይቀበሏታል። የእኛ ልጅ ከመድረክ ስትወርድ የሚቀበላት ባጃጅ ተራ ነው። ከመጨረሻው ፌርማታ እስከ ብሎኳ ድረስ መንገዱ ጨለማ ነው፣ ግማሹ ብሎክ ሰው አልገባበትም። ያንኑ ልብስ ለብሳ ያንኑ እንቅስቃሴ ብታደርግ እሷ የምትከፍለው ሌላ፣ ዘፋኟ የምትከፍለው ሌላ ነው። አርአያ ማለት ልጄ ብትከተለው በደህና ቤቷ የሚያደርሳት ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

ደግሞ ስለ ሴትየዋ ታታሪነት ነገራችሁን። እሺ፣ ታታሪ ናት። ታታሪ ሐኪምም አለች፣ ታታሪ መሐንዲስም አለች። ለምን በዚህች በኩል እንዲማሩ እንደተፈለገ አልገባኝም።

ካሜራና_ኤዲት
እህቴ፣ መጨረሻ ላይ ለጠየቅሽው፦ መርጠዋት ነዋ። መሐንዲሷን ብናመጣላቸው በጨዋነት ያዳምጡናል፣ ወደ ቤት ሲሄዱ የሚያዩት ግን ሪሃናን ነው። ትኩረቱ ያለበት ቦታ ሄዶ መሥራት ይሻላል።

እኔ የማውቀው ቪዲዮውን ነው፤ ለልጆቹ እንዴት እንደሚፈታላቸው ልጻፍ። ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃል፣ ላፕቶፕና አንድ ስፒከር ካለ። ክሊፑን ቀድማችሁ አውርዱት፤ ዳታ መሐል ላይ ሲቆራረጥ የልጆቹ ሐሳብም አብሮ ይቆራረጣል።

መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ አሳዩ። ከክሊፑ 30 ሴኮንድ ምረጡና ምስሉ በተቀየረ ቁጥር እንዲያጨበጭቡ አድርጉ። ብዙ ጊዜ ከ10 በላይ ጭብጨባ ይሰማል። ከዚያ «ይህን እንቅስቃሴ ሳታቋርጥ ከዳር እስከ ዳር ስትሠራው አይታችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። አላዩም። ቁርጥራጭ ነው ያዩት። እያንዳንዱ ቁራጭ ከብዙ ቀረጻ የተመረጠ ነው፣ መብራቱ ከፊትና ከጎን ተለክቶ ተቀምጧል፣ ቆዳው ላይ ሜካፕ አለ፣ ከዚያም ኤዲቲንግ ላይ ቀለሙ ተሠርቷል። የ14 ዓመት ልጅ መስታወት ፊት ቆማ «እኔ እንደዚህ አልመስልም» ብላ ከምታዝንባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። ሴትየዋ ራሷም መኝታ ቤቷ መስታወት ፊት እንደዚያ አትመስልም።

ሁለተኛው ዙር ምስሉን ሸፍናችሁ ድምፁን ብቻ አሰሙ። ስንት ድምፅ ይሰማል? ዋናው፣ ከኋላ የሚደግፈው፣ ተደራርቦ የተቀዳው። ብዙ ልጆች ያኔ ነው ዘፈኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት።

ሦስተኛው ግጥሙን በአማርኛ ጽፎ ማንበብ ነው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ክበብ የሚወድቀው። ልጆቹ እንግሊዝኛውን በዜማ ስለሚይዙት የሚሉትን አያውቁትም፤ አስተባባሪውም አያውቀውም፤ ፕሮግራሙ ቀን አንድ የሚያውቅ አጎት ከመሐል ይነሳል። ሙሉውን መስመር በመስመር ተርጉሙ፣ አታለዝቡት። የእኔ መለኪያ አጭር ናት፦ ትርጉሙን ልጆቹ በወላጅ ፊት ጮክ ብለው ማንበብ ካልቻሉ ያ ዘፈን መድረክ ላይ አይወጣም። ዘፋኟ ብዙ ዘፈን አላት፣ ሌላ ይመረጣል።

ክራርና_ማሲንቆ
የውጪውን ብቻ ባታዩት ደስ ይለኛል። በእኛ አገር ሠርግ ላይ አዝማሪው በሰምና ወርቅ ስንት ነገር ሲል ሕፃናት ፊት ለፊት ተቀምጠው ያጨበጭባሉ፤ ለእሱ ስብሰባ የጠራ ወላጅ የለም። አስናቀች ወርቁ ክራር ይዛ ስትቀመጥ፣ ቲያትር መድረክ ላይ ስትወጣ ሰፈሩ ምን ይላት እንደነበር የሚያውቅ ያውቃል። ሴት ተዋናይ እንደ ነውረኛ በምትታይበት ዘመን ነው የወጣችው። ዛሬ ስሟ ሲነሳ የአገር ቅርስ ነው የምንላት። ስለዚህ «አነጋጋሪ» የምንለው ነገር ከጊዜ ጋር ቦታ ይቀያይራል።

ይህን ያልኩት ሁሉም ይፈቀድ ለማለት አይደለም። አስናቀችን አርአያ ስናደርጋት ክራሯን፣ ግጥሟን፣ ድፍረቷን ነው። ሕይወቷን እንዳለ ለልጅ አንሰጥም።

ከአፍሪካ ደግሞ ብሬንዳ ፋሲ አለችላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ኬፕታውን አጠገብ ላንጋ የተወለደች፣ በደቡብ አፍሪካ የጥቁሮች ሰፈሮች የምትመለክ ዘፋኝ። አለባበሷም አፏም ጋዜጣ የማይጠግበው ነበር። ኔልሰን ማንዴላ ገና እስር ቤት ሳሉ ለእሳቸው የሚዘፈን ዘፈን ይዛ ቆመች፣ የአፓርታይድ መንግሥትም ዘፈኑን ከለከለ። ይህ ተራ ድፍረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በ39 ዓመቷ ያረፈችው ግን አደንዛዥ ዕፅ ሰውነቷን ጎድቶት ነው። ሁለቱንም ለልጆቹ ንገሯቸው፣ አንዱን አትደብቁ። የ15 ዓመት ልጅ ሁለቱን በአንድ ራስ ለመያዝ ትችላለች።

የመድረክ_አሰልጣኝ_ጀሞ
ወደ ዳንሱ ልምጣ። የምጽፈው ከ12 እስከ 16 ላሉ ልጆች ነው።

ወለሉን አስቀድሙ። የኮሚናል ወለል ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ነው፣ ዝላይ የሚውጥ ነገር የለውም። የፖፕ ዳንስ ዝላይና ድንገተኛ ቁልቁል መውረድ ይበዛበታል፤ በሲሚንቶ ላይ ሲደጋገም በመጀመሪያ የሚታመመው የቅልጥም ፊት ለፊትና ጉልበት ነው። እያደጉ ያሉ አጥንቶች ናቸው። ስለዚህ ዝላዮቹን ከኮሪዮግራፊው አውጡና በእርምጃ ተኩ፤ ካልሆነ ደግሞ የእስፖርት ፍራሽ ለልምምድ ብቻ አንጥፉ። ፍራሽ ላይ መሽከርከር ግን አይቻልም፣ ቁርጭምጭሚት ይወለማል። ጫማ ስኒከር፣ ማሰሪያው የጠበቀ። ተረከዝ ያለው ጫማ በዚህ ዕድሜ በፍጹም። ካልሲ ብቻ አድርጎ ሴራሚክ ላይ መለማመድ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

ማሟሟቂያ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ፦ ቦታ ላይ መራመድ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ፣ ከዚያ ትከሻ። እስክስታ የለመደች ልጅ ትከሻዋ ቀድሞ ስለሚፈታ ያንን ተጠቀሙበት። አንገት በዝግታ ብቻ። ፀጉር እየወረወሩ ራስን ማሽከርከር ክሊፑ ላይ ያምራል፣ ልጆቹም ከሁሉ በፊት የሚሞክሩት እሱን ነው፤ በነጋታው አንገታቸው አይዞርም። አውጡት።

ዘፈኑን በመጀመሪያ በ75 ፐርሰንት ፍጥነት አጫውቱ፤ ዩቲዩብ ላይ ፍጥነት መቀነሻው አለ። በስምንት ቆጠራ ከፋፍሉት፣ በአንድ ልምምድ ከአራት ስምንት በላይ አትስጡ። የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ልጆቹ ዳንሱን ከቲክቶክ ስለሚያውቁት «እንችለዋለን» ይላሉ፤ የሚያውቁት ግን የ15 ሴኮንዷን ነው። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሲሆን ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ ያልቃል፣ መስመሩ ይበተናል፣ ለቅሶ ይመጣል። ያንን ጊዜ አትፍሩት። «እሷ ይሄን እየዘፈነች ነው የምትሠራው» ብላችሁ የምታሳዩበት ጊዜ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሱፐር ቦውል በተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ ላይ ነፍሰ ጡር ሆና ከመሬት ከፍ ያለ መድረክ ላይ ለ13 ደቂቃ ያህል ዘፍናለች። ልጆቹ ቦታ ላይ እየሮጡ አንድ ስንኝ ይዝፈኑ፤ ያኔ ይገባቸዋል።

ለ14 ልጅ ክፍሉ ቢያንስ 6 በ9 ሜትር ይሁን፣ ለእያንዳንዷ ወደ አራት ካሬ ሜትር ይደርሳታል። ከዚያ ካነሰ ሁለት ቡድን አድርጉ፣ ክንድ ከክንድ ይጋጫል። መብራት ሲጠፋ ልምምዱ እንዳይቋረጥ ከበሮ አዘጋጁ። የሚመታ ልጅ ከሰፈሩ አይጠፋም፤ ቆጠራውን እንደውም ከስፒከሩ ይልቅ በከበሮ ቶሎ ይይዙታል።

የኮዬ_እናት
ይሄ ጥሩ ነው፣ አሰልጣኝ። ስለ ወገቡስ? እሱን አላነሱትም።

የመድረክ_አሰልጣኝ_ጀሞ
ልክ ነዎት እትዬ፣ አላነሳሁትም። ወገብ በዳንስ ውስጥ አለ፤ በጉራጌኛም በወላይትኛም ጭፈራ አለ፣ ማንም አይደነግጥም። ልዩነቱን የሚያመጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ልጅቷ ለማን ፊቷን እንደሰጠች፣ እጇ ገላዋ ላይ የት እንደሚያርፍ፣ እንቅስቃሴው ከምት ጋር ነው ወይስ ምቱን ለቆ ቆሞ «እዩኝ» ይላል። በተግባር እንዲህ አድርጉ። እጅ ከትከሻ በላይ ወይም ወደ ጎን የተዘረጋ ይሁን። ወለል ላይ መንበርከክና መተኛት ይውጣ። ብቻዋን ወደፊት ወጥታ የምትቆም ልጅ አይኑር፣ ረድፉ አብሮ ይንቀሳቀስ። በዚህ ብቻ ዳንሱ መልኩን ይለውጣል፣ ጉልበቱ ግን አይቀንስም። ልጆቹን አቅርቡና ምክንያቱን ንገሯቸው፤ «ነውር ነው» ብላችሁ ካለፋችሁ ቤት ሄደው ያንኑ ይለማመዱታል።

ልብስ፦ ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርትና ሰፋ ያለ ሱሪ። ቲሸርቱ እጅ ሲነሳ ሆድ እንዳይወጣ ከወገብ በታች 15 ሴንቲሜትር ይውረድ። ከፕሮግራሙ ሦስት ቀን በፊት ልብሱን ለብሰው ሙሉውን አንዴ ይደንሱበት፣ የሚያስቸግር ነገር ያኔ ይታያል።

ካሜራና_ኤዲት
ስለ ቀረጻ አንድ ከባድ ነገር ልጨምር፣ እባካችሁ አትዝለሉት። በእንዲህ ያለ ፕሮግራም የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የተቀመጡ ወጣቶች ስልካቸውን ከጉልበታቸው ላይ ወደ ላይ አቅንተው ይቀርጻሉ። መድረኩ ከፍ ያለ ከሆነ ያ አንግል ልጅቷን ከእግሯ ወደ ላይ ነው የሚያሳያት። የሠራችው እንቅስቃሴ ንጹሕ ቢሆንም ቪዲዮው ንጹሕ አይሆንም። በዚያው ማታ ቲክቶክ ላይ ይወጣል፤ ስሟ፣ ትምህርት ቤቷ፣ ብሎኳ ኮመንት ላይ ይጻፋል። ብዙውን ጊዜ ጉዳት የሚመጣው ከዘፋኟ ሳይሆን ከዚህ ነው።

መፍትሔው፦ የፊተኛው ረድፍ ለወላጆችና ለታናናሾች ይሁን። በመግቢያው ላይ «በስልክ መቅረጽ ክልክል ነው» ተብሎ ይነገር፣ ሁለት አስተናጋጅ ይቁም። አንድ ካሜራ ብቻ፣ ከ5 እስከ 6 ሜትር ርቆ፣ በልጆቹ ዓይን ከፍታ፣ ሙሉ ረድፉ በአንድ ፍሬም ውስጥ። ዙም አይደረግም። ቅጂው ለወላጅ በፍላሽ ይሰጥ። ዩቲዩብ ላይ ከተጫነ ዘፈኑ የባለመብቱ ስለሆነ ድምፁ ሊዘጋ ወይም የማስታወቂያው ገቢ ለባለመብቱ ሊሄድ ይችላል፤ ይህን ቀድማችሁ እወቁ።

ቲክቶክ ራሱ ከ13 ዓመት በታች አካውንት አይፈቅድም፣ ከ16 በታች ለሆኑ የግል መልእክት ይዘጋል፣ ላይቭ ለመግባት 18 ይጠይቃል። ልጆቹ ሲመዘገቡ ዕድሜያቸውን ስለሚያሳድጉ ይህ ሁሉ ይከፈትላቸዋል። ወላጅ ስልኩን ሲያይ ከሁሉ በፊት የልደት ቀኑን ይመልከት።

ሕግ_አያት
ዳንሱ ከተሳካ የሚመጣውን ልናገር፤ ማንም ስላላነሳው ነው። በከተማው ዳር የሚከፈቱ ላውንጆች «ጎበዝ ዳንሰኛ ልጆች አሉ» ሲባል መጥተው ይጠይቃሉ። የ16 ዓመት ልጅ በሌሊት ፕሮግራም ሥራ አገኘሁ ስትል ወላጅ ደስ ይለው ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ቀጥሮ ማሠራትን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለችው ወጣት ሠራተኛ ናት፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አትሠራም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ጨርሶ ማሠራት አይቻልም። ላውንጅ የሚሞቀው በዚያው ሰዓት ነው። ስለዚህ መልሱ እምቢ ነው፤ ሕጉን ጠቅሳችሁ።

ከልጆቹ አንዷ የምትዘፍን ከሆነችና የሚቀዳት ሰው ከመጣ፦ ከ18 በታች በራሷ አትፈርምም፣ ወላጅ ወይም ሞግዚት ይፈርማል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ዜማው የማን፣ ግጥሙ የማን፣ የተቀዳው ድምፅ የማን እንደሆነ ለየብቻ ይጻፍ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እነዚህን ለይቶ ነው የሚያያቸው። «ሁሉም መብት ለአሳታሚው» የምትል አንዲት መስመር ካለች አትፈርሙ።

ከውጪዎቹ ዘፋኞች የሚወሰደው ትልቁ ትምህርት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ብሪትኒ ስፒርስን ተመልከቱ፦ ዓለም የሚያውቃት፣ ሚሊዮኖች የሚያስገባ ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2021 በሌሎች ሞግዚትነት ሥር ነበረች። ገንዘቧንም ራሷንም በሚመለከት የሚወስኑት ሌሎች ነበሩ። ሪሃና ራሷ እ.ኤ.አ. በ2012 የቀድሞ የሒሳብ ባለሙያዎቿን ከሳለች። ማዶና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 የራሷን ኩባንያ አቋቁማለች። መድረክ ላይ ሦስቱም ደፋር ናቸው። ወረቀቱ ላይ ግን ሦስቱ እኩል አልነበሩም። ልጆቹ «ደፋር ሴት» ሲሉ የትኛውን ድፍረት እንደሆነ ይጠየቁ።

መምህር_ዘገላን
ይህን ነጥብ ላጠናክር። ልጆቹ ትልቅ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ያስምሩ፦ ሙያ፣ ውሳኔ፣ ንግድ፣ ዋጋ። ካሜራና_ኤዲት ከጻፈልን ሦስት ዙሮች በኋላ እያንዳንዷ ስለ ዘፋኟ የምታውቀውን ጽፋ በየዓምዱ ትለጥፍ። የሪሃና እንዲህ ይሆናል። ሙያ ላይ ሰባቱ አልበሞች። ውሳኔ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ያቋቋመችው የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ በአያቶቿ ስም የተሰየመ፤ ባርባዶስ ሆስፒታል ውስጥም በአያቷ ስም የካንሰር ሕክምና ማዕከል አለ። ንግድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረችው የመዋቢያ ምርት፦ ፊት የሚቀባው ፋውንዴሽን በ40 የቆዳ ቀለም ነው የወጣው፣ ብዙ ድርጅት ለጠቆረ ቆዳ ሁለት ሦስት ብቻ በሚሠራበት ጊዜ። ይህን ስትነግሯቸው የእኛ ልጆች ፊት ላይ ምን እንደሚሆን እዩ፤ በክሊፕ የማይገኝ ነው። አገሯ ባርባዶስም እ.ኤ.አ. በ2021 ብሔራዊ ጀግና ብላታለች።

አራተኛው ዓምድ የኮዬዋ እናት ያነሱት ነው። ዋጋ። ራቁት የሚያስቀር ልብስ ለእሷ ምን ዋጋ አለው፣ ለእኛ ምን ዋጋ አለው? ጠባቂ፣ መንገድ፣ ሐሜት፣ ኢንተርኔት ላይ የማይጠፋ ምስል። ይህን ዓምድ እኛ አንሙላው፤ ልጆቹ ይሙሉት። ከወላጅ የማይሰሙትን እርስ በርስ ሲባባሉ ይሰሙታል፣ መንገዱንም ከእኛ በላይ ያውቁታል። ባዶ ከቀረ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ አኑሩ፦ «ይህንን እሷ ስታደርገው ማን ይጠብቃታል?»

አንድ ስህተት ይደረጋል፦ አስተባባሪው ዓምዱን ሞልቶ «እንግዲህ አያችሁ» ይላል። ያኔ ሥራው ሁሉ ስብከት ይሆናል፣ ልጆቹም ይዘጋሉ። ወረቀቱ እንዳለ ቅዳሜ ግድግዳው ላይ ይሰቀል፣ ወላጆች ያንብቡት።

ክራርና_ማሲንቆ
መምህር፣ ውሳኔ ላይ ማዶናንም ጨምሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው አልበም ውስጥ ስለ ኤድስ እውነታውን የሚናገር ወረቀት ጨምራ ሸጠች። ያኔ ሰው ስሙን ለመጥራት ይፈራ ነበር፣ እኛም አገር በሽታው ከታወቀ ጥቂት ዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት ቫቲካን ያወገዘው ክሊፕ ወጣ፣ ፔፕሲም 5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ያሠራውን ማስታወቂያ ከአየር አወረደ። ያንኑ አልበም የገዛ ወጣት ወረቀቱንም አነበበ። ሰው አንድ ገጽ የለውም የምለው ለዚህ ነው። ፀረ-ኤድስ ክበብ ያለበት ትምህርት ቤት ይህን ለውይይት ሊጠቀምበት ይችላል።

የኮዬ_እናት
ሁሉንም አንብቤያለሁ። አራተኛው ዓምድ ልጆቹ እንዲሞሉት መባሉ ደስ ብሎኛል። አሁንም «አርአያ» የሚለውን ቃል ለሴትየዋ አልሰጣትም፤ ለእኔ አርአያ ልጄ በሯን አንኳኩታ ልትጠይቃት የምትችል ሰው ናት፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህርት። ከሪሃና ሙያ ይማሩ፣ ከእነዚህ ደግሞ ኑሮ። በፕሮግራሙ ቀን ከእነዚህ ሴቶች ሁለቱ ተጋብዘው ከዳንሱ በፊት አምስት አምስት ደቂቃ ይናገሩ። እንዲህ ከሆነ ልጄ ትደንሳለች። የ12 ዓመቶቹ ግን ከ16ቶቹ ጋር አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ መሥራታቸው አሁንም አልተዋጠልኝም።

የመድረክ_አሰልጣኝ_ጀሞ
ትክክል ናቸው። ለዩዋቸው። 12 እና 13 ያሉት መግቢያውንና አዝማቹን ይሥሩ፣ በትከሻና በእርምጃ ብቻ፣ ከዚያ ወደ ጎን ወጥተው ጭብጨባ ይስጡ። ትልልቆቹ መሐሉን ይሙሉት። መጨረሻው አዝማች ላይ ሁሉም ተመልሰው በከበሮ ይዝጉት፤ ስፒከሩ ይጥፋና ከበሮው ብቻ ይቅር፣ 16 ምት። በሳምንት ሁለት ልምምድ፣ ለእያንዳንዱ 75 ደቂቃ፣ መሐሉ ላይ የ10 ደቂቃ ዕረፍትና ውኃ። አምስት ሳምንት ይፈጃል፤ ከዚያ ባነሰ አትጀምሩ።

አስተባባሪ_ቱሉዲምቱ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ነገ አነጋግራለሁ። ዘፈኑን ልጆቹ ከሦስት አማራጭ እንደገና ይመርጣሉ፣ የሦስቱም ትርጉም ዓርብ ማታ የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጠፋል። ካሜራና_ኤዲት፣ የ30 ሴኮንዱን ጭብጨባ ከወላጆቹ ጋር ብናደርገው ይሠራል?

ካሜራና_ኤዲት
ይሠራል፣ እንደውም ይሻላል። ከስብሰባው መጀመሪያ ላይ አድርጉት፣ ማንም ሳይናገር። መጋረጃ ከሌለ ኮሚናሉ በ8 ሰዓት ፀሐይ ስለሚገባበት ፕሮጀክተር አይታይም፤ ቴሌቪዥን አምጡ፣ 43 ኢንች ይበቃል፣ መስኮቱ ከጎኑ ይሁን እንጂ ፊት ለፊቱ አይሁን።